የዋሱ ፈረጅ መሐላ እና የጥልቁ ድንጋይ ውሃ

ሰንበቴ ገበያ ከብት ሸጦ የሚያውቅ ሁሉ ፈረጅን ያውቀዋል። የማይወደውም ያውቀዋል፤ የማይወደው ደግሞ ብዙ ነው። ሰውዬው ቁጡ ነው። ፊቱን ስታየው አሁን ከጥል የመጣ ይመስልሃል። ሰላምታው ራሱ ክስ ነው፤ "አካም ቡልቴ?" ሲልህ እንዴት እንዳደርክ የሚጠይቅህ ሳይሆን የት እንዳደርክ የሚመረምርህ ነው የሚመስለው።

ግን ዋስ ነው። እሁድ እሁድ ከአፋር ቆላ የመጣው ነጋዴና ከደጋ የወረደው ገበሬ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። በሬው የራሱ ይሁን የተሰረቀ በምን ይታወቃል? ያኔ "ፈረጅን ጥሩት" ይባላል። ፈረጅ ይመጣል፣ የከብቱን ምልክት ያያል፣ የሻጩን አባትና ሰፈር ይጠይቃል። ከዚያ ወይ "እኔ አለሁበት" ይላል፣ ወይ ሻጩን በገበያ ፊት ልክ ልኩን ነግሮ ያባርረዋል። "እኔ አለሁበት" ካለ ነገሩ አለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል አንድ ቀን አልወደቀችም። መሬቱ ጭንጫ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ሰውዬው ያለው ቃሉ ብቻ ነው። እሷ ከሄደች ፈረጅ የሚባል ዋስ የለም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው ዶክተር አብዱልሰመድ የመጣው። የባቲ ልጅ ነው። ባህር ማዶ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አማርኛው የሬዲዮ ሆኖ ነበር። በላንድክሩዘር ሙሉ ሽቦና ሳጥን ጭኖ መጣና "ሃያ አንድ ቀን ከቦታው ንቅንቅ የማይል ታማኝ ሰው ፈልጉልኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እንኳ ሳይተያዩ ፈረጅን አሉት።

ያኔ ዶክተሩ ጨዋ ነበር። "ጋሽ ፈረጅ፣ አንቱ ከጠበቁልኝ እኔ አልሰጋም" አለ። ከጨፋው ሜዳ ዳር፣ ግራር ካለበት ደረቅ መሬት ላይ ወሰደውና ሥራውን አሳየው። በአራቱም ማዕዘን ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ርቆ አራት ጉድጓድ አስቆፈረ። በየጉድጓዱ ጨው የገባበት ጭቃ አቦክቶ ኩባያ የምታህል ማሰሮ ቀበረበት። ከየማሰሮው የወጣው ሽቦ መሃል ላይ ካለው ሳጥን ይገባል።

"ምን ልትሰማበት ነው ይሄን ሁሉ?" አለ ፈረጅ።

"መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ያለውን ድንጋይ።"

"መቶ ኪሎ ሜትር? ከዚህ ኮምቦልቻ እንኳ መቶ አይሞላም እኮ!"

"ቆፍሬ አይደለም፣ ጋሽ ፈረጅ። መሬት ውስጥ የተፈጥሮ ኮረንቲ አለ፤ ደካማ ነው፣ ግን ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። እታች ያለው ድንጋይ ደረቅ ከሆነ ኮረንቲውን እምቢ ይለዋል። ትንሽ ውሃ ከያዘ ግን ያሳልፈዋል።"

"ድንጋይ ደሞ ምን ውሃ ይይዛል?"

"የሚጠጣ አይደለም። ቢፈጩትም አይንጠባጠብም። ድንጋዩ ሲሠራ አካሉ ውስጥ ገብቶ የቀረ ነው፤ ከሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግን ያቺው ትበቃለች። ውሃ ያለበት ድንጋይ ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል። ይሄ አገር ወደ አፋር እየተሰነጠቀ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ እታች ያለው እርጥብ ነው ወይስ የቀለጠ የሚለውን መለየት አለብኝ።"

ፈረጅ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ይቺንስ እኔም አውቃታለሁ" አለ። "ኮረንቲ እርጥብ እጅ ይወዳል።"

"በቃ እሷ ናት!" ብሎ ዶክተሩ ሳቀ። እኔ እስከማውቀው ሁለቱ አብረው የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ካስነሳ በኋላ በመስኮት ብቅ አለና አደራውን ዘረዘረ። ሰው እንዳይረግጥ። ከብት እንዳይቀርብ። ማሰሮዎቹን ማንም እንዳይነካ። "ጭቃው ከደረቀ ደግሞ ሥራዬ ገደል ገባ፤ እንዳይደርቅ አደራ!" ብሎ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። እንዴት ነው የማይደርቀው? በምን? አልተናገረም። እሱ በልቡ ያሰበው ጉድጓዱ ላይ የተደረገው አፈርና ቅጠል ከፀሐይ እንዲከልለው ነበር። በልብ ያለን ነገር ማን ያውቃል? የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ ግማሹን ይናገርና ሙሉውን ሰማችሁኝ ይላል።

ፈረጅ በሰሜን በኩል ባለው ማሰሮ አጠገብ፣ ግራሩ ሥር ዳስ ጥሎ ተቀመጠ። ጠበቀ ስልህ ጠበቀ! ወፍ ስታርፍ እንኳ በድንጋይ ያባርራል። አንድ ቀን ዘይኑ ላሞቹን በዚያ በኩል ሊያሳልፍ መጣ። ዘይኑም ገበያው ላይ ዋስ ነው፤ ፈረጅ ባለበት ግን ማንም አይጠራውም፤ ይሄ ነገር ሲያንገበግበው ዓመታት አልፈዋል። ፈረጅ የፊተኛዋን ላም አፍንጫዋን በዱላ ሲላት ዘይኑ ጮኸ።

"አንተ ሰውዬ አብደሃል? የመሬት ዘበኛ ሆንክ? መሬት ማን ይሰርቀዋል?"

"አንተን የመሰለ ይሰርቀዋል! መልስ ብያለሁ!"

ዘይኑ ላሞቹን መለሰ፤ ቂሙን ግን ይዞ ሄደ።

ውሃ ከባድ ነበር። ሚስቱ ጁወይሪያ በየማለዳው ከአንድ ሰዓት መንገድ በአህያ አንድ ጀሪካን ታመጣለታለች፤ ለመጠጥም ለሶላት መታጠቢያ ለውዱእም ያቺው ናት። ፈረጅ ደግሞ በሶላት ቀልድ አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱኡን ያድሳል። አባቱ የውዱእ ውሃ እግር አይረግጠውም፣ መንገድ ላይ አይፈስም ብለው ነው ያሳደጉት። ታዲያ የት ያፍስሰው? ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከማሰሮው ጉድጓድ ራስ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ እግሩን ይታጠባል፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ጭቃው ይወርዳል። አንድም ውሃው አልተረገጠ፣ አንድም የዶክተሩ ጭቃ አልደረቀ። በዚህች ብልሃቱ እንዴት ደስ ይለው እንደነበር! ለጁወይሪያ ሁሉ "አንድ ጠብታ አላባከንኩም" እያለ ይነግራት ነበር።

ሃያ አንዱ ቀን አለቀና ዶክተሩ ሳጥኑን ይዞ ከሚሴ ወደሚገኘው ሆቴሉ ሄደ። በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ገበያው ሙሉ በሙሉ ደምቆ ሳለ መኪናው ከብት ተራ ድረስ ገባ። ዶክተሩ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወረደ። በእጁ ረጅም ወረቀት ይዟል። ፈረጅ ከአፋሩ ነጋዴ ከሙሀመድኑር ጋር አንድ ወይፈን እያየ ነበር።

"የት ነበርክ አንተ?" አለው ዶክተሩ።

ፈረጅ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተባለ መስሎት ዞር ዞር አለ። ልጅ ያደረሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ በገበያ መሃል፣ ከልጅ እግር አፍ "አንተ"! ደሙ ፈላ።

"ማል ጄቴ? ምን አልክ? ማንን ነው አንተ የምትለው?"

"አንተን ነዋ! ተመልከት!" ወረቀቱን ዘረጋው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ መጋዝ ጥርስ ብድግ ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። "በቀን አምስት ጊዜ! የሰሜኗን ማሰሮ በየቀኑ አምስት አምስት ጊዜ ሰው ነካክቷታል። አንተ ቤትህ ተኝተህ ማንም ሲፈነጭባት ነው የከረመው። የሁለት ዓመት ሥራዬን ነው ያፈረስከው!"

"ወላሂ!" አለ ፈረጅ፤ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከብት ተራው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ፈረጅ ሲምል ማንም ሰምቶት አያውቅማ። "ወላሂል አዚም! ሃያ አንድ ቀን ከዚያ ግራር አልራቅኩም። ማሰሮህን የነካ የለም። ሥራህን ያበላሸ ሰው በዚያ ቦታ አልነበረም!"

"ሶባ!" አለ ዶክተሩ። ውሸት ነው ማለቱ ነው፤ ሁሉም እንዲገባው ሆን ብሎ በኦሮምኛ አለው።

ከዚያ ማን ያስታርቅ? ገበያው ግልብጥ ብሎ ተነሳ። "ፈረጅ ከማለ ማለ ነው! ውጣልን!" አሉት። ዶክተሩ ወረቀቱን ፈረጅ ፊት ወርውሮ ድንጋይ ሳያገኘው መኪናው ውስጥ ገባ። ወሬው በሁለት ቀን ጨፋ ሮቢት ደረሰ። ማሰሮ ሊቀበርባቸው የነበሩ ሦስት ቀበሌዎች "ዋሳችንን ውሸታም ላለ ሰው መሬት የለንም" ብለው አባረሩት። ዶክተሩ ሆቴሉ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ሥራው ቆመ። ፈረጅ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። ዘይኑ ብቻ ነበር በየጥጋጥጉ "በቀን አምስት ጊዜ እኮ ነው፤ ያለ ነገር አይደለም" እያለ የሚያንሾካሹከው።

ረቡዕ ጠዋት ጁወይሪያ ያንን ወረቀት ዱቄት ልትጠቀልልበት አወጣችው። ፈረጅ ነጠቃትና ዘረጋው። ማንበብ አይችልም፤ ጥርስ መቁጠር ግን ማን ያቅተዋል? አምስት፣ ክፍተት፣ አምስት፣ ክፍተት። በጣቱ እየተከተለ ሄደ። አሥር ቀን ቆጠረ። ከዚያ መስመሩ ልስልስ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጥርስ የለም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እንደገና አምስት።

"አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ቀን ምን ሆነን ነበር?" አላት።

"ምን ሆንን! ጨፋ ሮቢት ለቅሶ ሄጄ ውሃ ያላመጣሁልህ ጊዜ ነዋ። ስትሳደብ ጠበቅከኝ፤ በጥም ልትገድይኝ ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአፈር ተየሙም አድርጌ ሰገድኩ እያልክ።"

ፈረጅ እጁ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ውሃ ሲኖር አምስት ጥርስ። ውሃ ሳይኖር፣ በአፈር ሲያብስ፣ ባዶ። በቀን አምስት ጊዜ! ጉድ እኮ ነው! ያ የባቲ ልጅ በቀን አምስት ጊዜ የሚለውን ቁጥር አይቶ ምንም ትዝ ያላለው ምን ያህል ከመስገጃው ቢርቅ ነው? ፈረጅ ራሱም ያ ቁጥር ጆሮው ሥር ሲጮህበት አልሰማም። ሁለቱም ቁጣቸው አደነቆራቸው።

"አስተግፊሩላህ" አለ ፈረጅ። "እኔ ነኝ፣ ጁወይሪያ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በአላህ ስም የማልኩት ውሸት ነው።"

ጁወይሪያ ነገሩን እስክትረዳው ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው። "ማን ሰማ?" አለች። "ማንም አልሰማም። ዝም በል!"

"እንዴት ዝም ልበል?"

"ሳያውቅ የማለን አላህ አይይዘውም፤ ሼሁ ራሳቸው ሲሉ ሰምቼአለሁ። አንተ አላወቅክም። አለቀ!"

"ከአላህ ጋር አለቀ። ከገበያው ጋርስ? ሰው እኮ መሬቱን የከለከለው በኔ አፍ ነው።"

"ብትናገር ማን ይጠራሃል ከእንግዲህ? ዘይኑ ቦታህ ላይ ሲቀመጥ ልታይ ነው? ምን ልንበላ ነው፣ ወረቀት?" አለቀሰች። እያለቀሰችም ሰደበችው። እሱም መልሶ ሰደባት። እስከ ቅዳሜ ድረስ በዚያ ቤት ሰው ለሰው በደግ አልተናገረም። ፈረጅም ይህን አላጣውም፤ እውነቷን ነበራ! ዝም ቢል ቃሉ እንደተከበረ ይኖራል፤ ቢናገር ደግሞ በሃያ ዓመት ቃሉ ላይ በገዛ እጁ ነው እሳት የሚለቅበት።

ቅዳሜ ፈረጅ ከሚሴ ወደ ዶክተሩ ሰው ላከ፤ "ነገ ገበያ ይምጣ፣ የሚነካው የለም" ብሎ።

ዶክተሩ መጣ። ፊቱን አጥቁሮ፣ ከመኪናው ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ቆመ። ፈረጅ ከብት ተራው መሃል ገባና ወረቀቱን ዘረጋ። ድምፁን አልቀነሰም፤ ጥፋቱንም እንደ ስድብ ነው የተናገረው።

"ስሙኝ! ባለፈው እሁድ እዚሁ ቆሜ ምያለሁ። መሐላዬ ትክክል አልነበረም። ማሰሮዋ ላይ በየሶላቱ የውዱእ ውሃ ያፈሰስኩባት እኔ ነኝ። ውሃ ያጣሁባቸው ሁለቱ ቀናት እነዚሁና፣ ጥርስ የላቸውም። አላወቅኩም ነበር። አሁን አወቅኩ። ይኸው!"

ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቱን ልስልስ ቀናት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ስንት የተበላሸ ቀን እንዳለና ስንት ንጹሕ እንዳለ አወቀ። እሱ ግን ባሰበት።

"መቶ ኪሎ ሜትር ታች ያለ ውሃ ስፈልግ፣ ለካ ያንተን የእግር እጣቢ ነው ስለካ የከረምኩት!" አለ። "እንዲህ ያለ ድንቁርና..."

"ቆይ!" አለ ሙሀመድኑር። እርጋታ ያለው ሰው ነው፤ የአፋር ጩቤውን፣ ጊሌውን፣ ወገቡ ላይ አስተካክሎ ወደ ፈረጅ ዞረ። "ውሃ አፍስስበት ያለህ ሰው አለ?"

ፈረጅ ወደ ዶክተሩ አየ። "ጭቃው እንዳይደርቅ አደራ ብሎኛል" አለ። "ያፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ።"

ሁሉም ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተሩ አጠገቡ የቆሙትን የቀበሌ ሰዎች አየ። ሃያ አንድ ቀን የጠፋው በማን እንደሆነ በዚያች ቃል ነው የሚወሰነው፤ አዎ ካለ ጥፋቱ ግማሹ የሱ ነው።

"አላልኩም" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም።"

ያ መስኮት፣ ያ አቧራ፣ ያቺ "አደራ" አሁንም ፈረጅ ዓይንና ጆሮ ላይ አሉ። ዱላውን አጥብቆ ጨበጠ።

"ይማላ!" አለ አንዱ። "ፈረጅ ምሎ የለም እንዴ? እሱም ይማል! ቁርአን አምጡ!" ገበያው ተቀበለው፤ "ይማል! ይማል!" አንዱ ወደ መስጊዱ ሮጠ። ዶክተሩ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ሰው ከኋላው ዘግቶታል። ቁርአኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ዶክተሩ አየው፣ ፈረጅን አየው፣ ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳ። ሊምል ነው።

ፈረጅ መሃላቸው ገባና እጁን በዱላው መልሶ አወረደው።

"አታስምሉት!" ብሎ ጮኸ። "እኔ ሳላውቅ ነው የማልኩት። ይሄ እያወቀ እንዳይምል! የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው። ልቀቁት ይሂድ!"

ዶክተሩ ሰው መንገድ ሲለቅለት መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። መሪው ላይ እንዳቀረቀረ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

ገበያው ወደ ሥራው ተመለሰ። ፈረጅ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ረፋዱ አለፈ፣ ዙህር ተሰገደ፤ ማንም አልጠራውም። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ዓይኑን ይሰብራል። ዘይኑ ወዲያ ማዶ ሦስት ከብት ዋሰ፤ በዋሰ ቁጥርም ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደዚህ ያያል። ፈረጅ ግን አልተነሳም። ቤት ቢገባ ጁወይሪያ ምን እንደምትለው ያውቃል፤ ደግሞም ልክ ናት።

የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል ሙሀመድኑር አንድ ጥቁር በሬ አስጎትቶ፣ ሻጩን ከኋላው አስከትሎ መጣ። ዘይኑ ፈጠን ብሎ ተነስቶ ተቀበለው። ሙሀመድኑር ሳይቆም አለፈውና ፈረጅ ራስ ላይ ደርሶ ቆመ።

"ተነስ እንጂ!" አለው በቁጣ። "አኩርፈህ ልታመሽ ነው? እኔ አገሬ ሩቅ ነው።"

ፈረጅ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በእጅጌው ጠረገውና እየተሳደበ ተነሳ።